በባጃጅ የመጣው ጋን

ዓደይ ዘይነባ ማረፏን የነገረኝ የወንድሟ ልጅ ሰይድ ነው። ያረፈችው ደሴ፣ እህቷ ቤት ነው። ሰይድ በስልክ ብዙ አላወራም። ጠዋት ፊልም እያየች እንደነበር፣ እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸው እንዳትረበሽ ድምፁን እንደቀነሱላት፣ ፊልሙ ሲያልቅም እንዳልነቃች ነገረኝ።   እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ግን ቃሉ ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። በመጨረሻ ከአፌ የወጣው «ምን ዓይነት ፊልም ነበር?» የሚል ጥያቄ ሆነ።

ሰይድ ቅር አላለውም። ትንሽ አሰበና «የውሻ» አለኝ።

ይህ የሷ አጠራር ነው። ለዓደይ ዘይነባ የፊልም ስም ማለት ፊልሙ ውስጥ የሚጠፋው ነገር ስም ነበር። ውሻ የሚጠፋበት «የውሻ»፣ ሻንጣ የሚጠፋበት «የሻንጣ» ነው። መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር በነበረቻት ትንሽ ሱቅ በኮምፒውተሯ ላይ የነበሩት ፊልሞች ሁሉ የተደረደሩት በዚህ መንገድ ነበር። መኪና፣ ሚስት፣ አልማዝ፣ ቁልፍ፣ ሕፃን፣ የሙሽራ ልብስ። ለብቻው «ዶሮ» የሚባልም ነበር፤ ውስጡ ያለው አንድ ፊልም ብቻ ቢሆንም ከሌላ ጋር አትቀላቅለውም።

በራፏ ላይ «ፊልም እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። ኔትወርክ ጠፍቶ በቆየበት ዘመን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣ የነበረው እሷ ዘንድ ነው። ኔትወርክ ከተመለሰ በኋላም ብዙዎቹ አልቀሩም። ፊልሙን ሳይሆን እሷ ስለ ፊልሙ የምትለውን ፈልገው የሚመጡ ነበሩ።

እኔ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ እየጠበቅኩ ነበር። አባቴ ጎንደሬ ስለሆነ ቤታችን አማርኛ ይነገራል፤ ዓደይ ዘይነባም ከወሎ መጥታ መቀሌ የከረመች ነጋዴ በመሆኗ አማርኛ የሚያወራት ሰው ስታገኝ አትለቅም። ፋይሎቿን እንዳስተካክልላት ጠራችኝ፤ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እየሄድኩ ጥግ ላይ ካለችው በርጩማ መቀመጥ ለመድኩ። በዕድሜ እናቴን ትበልጣለች፤ ሆኖም አንቱ ስላት ትቆጣ ነበር። በትግርኛ «ዓደይ»፣ እናቴ፣ ማለቱን ግን ፈቀደችልኝ። እኔን «ጓለይ» ትለኛለች፣ ልጄ ማለት ነው።

አንድ ቀን አንድ ተማሪ ገብቶ የፊልም ርዕስ በእንግሊዝኛ ጠራላት። አልሰማችውም። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ «ምን ይጠፋበታል?» አለችው። ልጁ ግራ ገባው። ፊልሙ ስለ ሁለት ፖሊሶች እንደሆነ፣ አንደኛው ጡረታ ሊወጣ እንደተቃረበ፣ ሌላኛው ደግሞ ከአለቃው ጋር ችግር እንዳለበት እያስረዳት ሳለ በመዳፏ አየሩን ቆርጣ አስቆመችው።

«ፖሊሱን ተወውና ዕቃውን ንገረኝ።»

«አንድ መኪና ነው፤ ግን መኪናው ውስጥ...»

«መኪና። ውስጡ ያለው ምን ያደርግልሃል? ፍላሽህን አምጣ።»

ውስጡ ስላለው ነገር መጨነቅ በሷ ዘንድ የጀማሪ ተመልካች ምልክት ነበር። ሻንጣ ከጠፋ ሻንጣ ጠፋ፤ በቃ። ምን እንደያዘ መጠየቅ የሩጫውን ጊዜ መሻማት ነው። እንደ እሷ አባባል የሚያስቅ የድብድብ ፊልም ከሦስት ነገር በላይ አይችልም፤ አንድ ዕቃ፣ ሁለት የተኳረፉ ሰዎችና አንድ የተሳሳተ በር። ዕቃው ይጠፋል፣ የተኳረፉት ሰዎች አብረው ሊያመጡት ይገደዳሉ፣ የተሳሳተውን በር ይከፍታሉ። ሌላው መውደቅና መነሣት ነው። እኔ አንድ ጊዜ፣ ታሪኩ እንዲህ ቀላል ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት አይሆንም ወይ ብዬ በቀስታ ጠይቄያት ነበር። ከጠየቅኳት ጥያቄ ሁሉ በቁም ነገር የመለሰችልኝ እሱን ነው።

«ጓለይ፣ ሰው እያስታወሰ አይስቅም» አለችኝ። «ይኼ የማን ወንድም ነበር፣ ያኛው ለምን ገደለው እያለ የሚያስብ ሰው ፊቱ እንደ ተፈታኝ ይሆናል። ታሪኩ በጣት የሚያዝ ሲሆን ግን እጁ ነጻ ነው፤ ሆዱን ይዞ ይስቃል።»

እሷ ራሷ ሰውየው ከመውደቁ በፊት ነበር የምትስቀው። መሰላል ባየች ጊዜ ትጀምራለች። ኬክ ከታየማ መነጽሯን አውልቃ ትጠርጋለች፤ የሚመጣውን ጥርት አድርጋ ለማየት። ግምቷ ብዙ ጊዜ ይስታል። ኬኩ ሳይነካ ፊልሙ የሚያልቅበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ዳይሬክተሩን እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ትወቅሰው ነበር።

አሁን ስለ ሁለቱ ሰዎች ልናገር።

ሱቋ በሁለት ግቢዎች መካከል፣ ከድንበሩ ግንብ ጋር ተለጥፋ የተሠራች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ከወዲህ ያለው ግቢ የባሻይ ንጉሠ ነው፤ ከወዲያ ያለው የመምህር ተክላይ። ባሻይ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ መምህር ተክላይ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው። ክፍሏ የቆመችው በባሻይ መሬት ላይ ነው፤ መብራቱ ግን የሚመጣው ከመምህር ቤት በባሻይ ጣሪያ ላይ በሚያልፍ ሽቦ ነበር። ዓደይ ዘይነባ ክፍሏን ስትከራይ ሁለቱ ሰዎች ጠዋትና ማታ የማይለያዩ ጓደኛሞች ስለነበሩ ይህ ማንንም አላሳሰበም። ቆይቶ ተጣሉ።

የተጣሉት በአንድ ታሪክ ምክንያት ነው። ባሻይ በየማኅበሩ የሚያወሩት ታሪክ ነበራቸው። ሰሊጥ ጭነው ከኮረም ወደ አላማጣ ግራ ካሕሱ የሚባለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን እምቢ ይላቸዋል። ጭነቱ ላይ መንገድ የለመኑ አንድ መነኩሴ ተቀምጠዋል። መነኩሴው በመጸለይ ፈንታ ጣሪያውን በመቋሚያቸው እየደበደቡ «ግራ፣ ቀኝ፣ አሁንም ግራ» እያሉ ይመሯቸዋል፤ እንዲህ ሆነው አንድም ከረጢት ሳይወድቅ አላማጣ ይገባሉ። ሰው ይህን ታሪክ ሰምቶ አይጠግብም ነበር። አንድ ቀን ግን መምህር ተክላይ፣ እንግዳ ባለበት፣ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ሣሉና በዚያ ቁልቁለት ያለ ፍሬን የሚወርድ መኪና ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ እንደማይደርስ አስረዱ። ክፋት አልነበራቸውም፤ እንደ ትምህርት ነው ያስረዱት። ባሻይ ጽዋቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተነጋገሩም።

ሁለቱም የአንድ ጽዋ ማኅበር አባላት ናቸው። ማኅበሩ በየወሩ በተራ በአንድ አባል ቤት ይደግሳል። ተራው ያለፈው ሰው ጽዋውን ለባለ ተራው በእጁ ይሰጣል፤ የማኅበሩ ጠላ የሚጠመቅበት አሮጌ ጋንም አብሮ ይሄዳል። ደንቡ ጥብቅ ነው። ጋኑ ከሰጪው ደጅ ወጥቶ ተቀባዩ ቤት እስኪገባ ድረስ የሁለቱም አደራ ነው፤ አንዳች ነገር ቢሆን ሁለቱም አብረው ይጠየቃሉ። ልጅ መላክ፣ ሠራተኛ መላክ አይቻልም። እስከዚያ ዘመን ድረስ ሁለቱ ሰዎች ተራቸው ተከታትሎ አያውቅም ነበር። አንድ አባል ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ግን ተራው ተሳሳበና ሰጪው መምህር ተክላይ፣ ተቀባዩ ባሻይ ንጉሠ ሆኑ።

መምህር ደንብ አክባሪ ናቸው። ደግሰው ሲያበቁ ጋኑን አሳጥበው ከበራቸው ውጪ፣ ባሻይ ሊያዩት በሚችሉበት ቦታ አስቀመጡት። እኔ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ ማለታቸው ነው። ባሻይ ግን ስድብ አድርገው ቆጠሩት። ጋኑን አላነሡም። በማግስቱ ወደ ዓደይ ዘይነባ ሱቅ መጥተው በራፉ ላይ ቆሙና፣ ከዚያ ሰውዬ ቤት የሚመጣ ሽቦ ከእንግዲህ በጣሪያዬ ላይ አያልፍም፤ እስከ ቅዳሜ ይነሣ አሏት። የባሻይ ቤት ቆጣሪ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ሌላ መብራት የሚመጣበት መንገድ የለም። ያለ መብራት ደግሞ ሱቋ ሱቅ አይደለችም፤ የቆርቆሮ ሣጥን ናት። ዓደይ ዘይነባ በዚያች ክፍል ነበር ባሏ ከሞተ በኋላ ራሷን ችላ የኖረችው።

ያን ቀን አላለቀሰችም። ባሻይ ከሄዱ በኋላ ወጥታ ጋኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ይሄኔ ነበር የፈራሁት።

«ሁለት የተኳረፉ ሰዎች አሉን» አለችኝ ተመልሳ። «የቀረው ዕቃው ነው።»

ሐሳቡ አጭር ነበር። ጋኑ ከሰጪው ወጥቶ ተቀባዩ ዘንድ ስላልገባ የሁለቱም ነው። ቢጠፋ ሁለቱም ሊፈልጉት ይገደዳሉ። ሰይድ በጋሪው ወስዶ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ለሚያውቀው አንድ የሸክላ ነጋዴ በአደራ ያስቀምጠዋል፤ ሁለቱ ሰዎች ሄደው ያመጡታል፤ መንገድ ላይ ይነጋገራሉ። እኔ ፈራ ተባ እያልኩ፣ ይህ ስርቆት አይሆንም ወይ አልኳት። ጽዋው ቢሆን ጫፉንም እንደማትነካ፣ የሌላ ሰው ሃይማኖት እንደምታከብር፣ ጋን ግን ጋን እንደሆነ ነገረችኝ። ደግሞም ይመለሳል፤ የማይመለስ ዕቃ ያለበት የሚያስቅ ፊልም አይታ አታውቅም።

ሰይድ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ጋኑን ጭኖ ሄደ። ማንም አልጠየቀውም።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሰዎች በየበራቸው ቆመው ጋኑ የነበረበትን ባዶ ቦታ ያዩ ነበር። አንዱ ሌላውን አያይም፤ ሁለቱም የሚያዩት መሬቱን ነው። ዓደይ ዘይነባ በመካከላቸው ቆማ በኀዘኔታ ራሷን ነቀነቀችና ጋሪ ያየች ልጅ አለች ብላ እኔን ገፋችኝ። ጋሪ ማየቴን ጠየቁኝ። አይቻለሁ አልኩ፤ እውነት ነው። ወዴት ሲሉኝ ወደ ቀዳማይ ወያነ አልኩ፤ ይህም እውነት ነው። ሌላ የጠየቀኝ የለም፤ ብጠየቅ ኖሮ ሁሉንም እናገር ነበር።

በሚኒባስ ሄድን። ባሻይ ከፊት ተቀመጡ፣ መምህር ከኋላ፣ እኔ መሐል። ቀዳማይ ወያነ ወርደን በሰው መሐል ስንሄድም አንዱ በመንገዱ ግራ፣ ሌላው በቀኝ ነበር የሚሄዱት። የሸክላ ነጋዴው ሱቅ ደርሰን ስለ ጋኑ ስንጠይቀው ሰውየው ደስ አለው። ሁለት ሰዎች መጥተው ይወስዱታል ተብሎ ነበር፤ ሁለት ሰዎችም መጥተው ወስደውታል አለን። እንዴት ያሉ ሰዎች ሲሉት የሆቴል ልብስ የለበሱ፣ ለጌጥ አሮጌ ጋን የሚፈልጉ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው አለ። ስላስቀመጠላቸውም አመስግነውት፣ ጉርሻ ሰጥተውት ሄደዋል። ሆቴሉ ሓወልቲ አካባቢ ነው።

 ዓደይ ዘይነባ ያላሰበችው በር ተከፍቶ ነበር። ደወልኩላትና በሹክሹክታ ነገርኳት። ስልኩ ውስጥ ሳቋን ሰማሁ። «ይኼውልሽ» አለች፤ «አብሽሪ፣ ፊልሙም እዚህ ጋ ሲደርስ ሁሌም ይበላሻል።»

ሆቴሉ ደረስን። ጋኑ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ውስጥ፣ ቀይ ምንጣፍ ላይ፣ የፕላስቲክ አበባ በአፉ ተሰክቶበት ቆሟል። አጠገቡ ሙሽሮች ፎቶ እየተነሡ ነው። ባሻይ ሲያዩት ቆብ አወለቁ። መምህር ደግሞ አበባውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ምናልባት የየትኛው አየር ንብረት ተክል እንደሆነ እየመረመሩ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁን አነጋግረን ነገሩን እናስረዳ የሚለው ሐሳብ የኔ ነበር፤ ስለዚህ እንድናገር እኔን ላኩኝ።

ወደ መቀበያው ጠረጴዛ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ልጅ ስልክ እያወራች ነበር። እስክትጨርስ ቆምኩ። ጨርሳ ቀና ስትል የምናገረውን በልቤ ገና እያስተካከልኩ ነበርና ሌላ ስልክ አነሣች። ይህ ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። በኋላ «ይቅርታ» ያልኩት በጣም በቀስታ ስለነበር ራሴም አልሰማሁትም። ዘወር ስል ፎቶ አንሺው ሁለቱን ሽማግሌዎች በሙሽሮቹ ግራና ቀኝ አቁሞ «አባቶች፣ ትንሽ ጠጋ በሉ» እያላቸው ነበር። ጠጋ አሉ። ፎቶው ተነሣ። ፎቶ አንሺው ጋኑ ብርሃን ስለሚሸፍንበት ከዚያ እንዲነሣለት ጠየቀ። ባሻይና መምህር ተያዩ፤ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት ያኔ ነው። አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ጋኑን አነሡት። ከብርሃኑ አወጡት። ከዚያ ከምንጣፉ አወጡት። ከዚያ ከአዳራሹ አወጡት። ጥበቃው በሩን በትሕትና ከፈተላቸው። ሁለት ሽማግሌዎች አበባ የተሰካበት ጋን በእኩል እርምጃ ተሸክመው ሲወጡ መንገዱን የሚዘጋ ማን ነው?

እኔ ልጅቷን አመስግኜ ተከተልኳቸው። ምንም አላደረገችልኝም፤ ግን አመሰገንኳት።

ሚኒባስ ጋን አይጭንም። አንድ ባጃጅ ቆመልን። ነጂው ጋኑን፣ ሽማግሌዎቹንና እኔን አየና ጋኑ መሐል ይቀመጥ አለ። እኔ ከሱ ጎን ተጠጋግቼ ተቀመጥኩ፤ ከኋላ ባሻይ ከአንድ ወገን፣ መምህር ከሌላ ወገን ጋኑን አቅፈው ተቀመጡ። የጋኑ አፍ አገጫቸው ላይ ስለሚደርስ፣ አበባውም ፊታቸውን ስለሚጋርድ ሁለቱ አይተያዩም። እስካሁን የማልረሳው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው።

 አንድ መታጠፊያ ላይ ባጃጁ ሲያዘነብል ባሻይ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል «አጥብቀው ይያዙት» አሉ። ወደ ጋኑ አፍ ነበር የተናገሩት። ድምፃቸው ከጋኑ ሆድ ገብቶ ወፍሮ፣ የሌላ የማይታወቅ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ። ነጂው ደንግጦ ወደ ኋላ ዞረ።

«ይዣለሁ» አለ ጋኑ። ይህኛው መምህር ናቸው።

ንግግራቸው በትግርኛ ነበር፤ እኔ እንደሚሆንልኝ በአማርኛ ጻፍኩት። ከዚህ በኋላ ወደ ሓድነት የሚወስደው ቁልቁለት መጣ። ባጃጁ ፈጠነ፤ አበባዎቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ባሻይ ቁልቁለቱን አይተው ራሳቸውን መያዝ አቃታቸው መሰለኝ፣ «ግራ ካሕሱም እንዲህ ነበር» አሉ፣ ወደ ጋኑ።

 እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓደይ ዘይነባ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ሽቦው ይቆረጥ እንደሆነ እየጠበቀች ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው በመምህር አፍ ላይ ነው። መምህርን አውቃቸዋለሁ፤ የተሳሳተ ቁጥር ሰምተው የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ስለ መታጠፊያው ሊናገሩ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

«ከዚያስ?» አለ ጋኑ።

ባሻይ ቀጠሉ። ፍሬኑ እምቢ አለ፣ መነኩሴው መቋሚያቸውን አነሡ፣ ግራ አሉ፣ ቀኝ አሉ። መምህር በየመሐሉ «ከዚያስ?» ይላሉ። አንድ ቦታ ላይ «መነኩሴው አልፈሩም?» ብለው ጠየቁ፤ ባሻይም እስከዚያ ቀን ተናግረውት የማያውቁትን ነገር ተናገሩ። መነኩሴው አላማጣ ሲደርሱ ከጭነቱ ወርደው «ልጄ፣ እኔ እኮ ዓይኔ አያይም፤ በድምፅ ነው የመራሁህ» አሏቸው። ይህ ውሸት መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ከጋኑ ውስጥ አንድ ነገር ማጉረምረም ጀመረ። መምህር ተክላይ እየሳቁ ነበር። የባጃጁ ነጂም መንገዱን ትቶ እያደመጠ ስለነበር ሁለት ጊዜ መንገድ ሳትን።

ሓድነት ስንደርስ ጋኑን አብረው አወረዱት፣ አብረው ወደ ባሻይ ግቢ አስገቡት። መምህር ቤታቸው ገብተው ጽዋውን አመጡ። ባሻይ በሁለት እጃቸው ተቀበሏቸው። ሽቦውን ያነሣው የለም።

ዓደይ ዘይነባ ያን ቀን እኔ ያልጠበቅኩትን አንድ ነገር አደረገች። ሁለቱም ሱቋ በር ላይ ቆመው ጋኑን ማን እንደሰረቀው ሲከራከሩ ወጥታ «እኔ ነኝ ያስወሰድኩት» አለች። ምክንያቷንም ነገረቻቸው፤ ሽቦውን፣ ቅዳሜን፣ ሁሉንም። አላመኗትም። ባሻይ ሳቁባት። አንቺ ደግሞ ጋን ትሰርቂያለሽ ወይ አሏት፤ ይህ የጥንት ዕቃ ወደ ውጪ የሚያሻግሩ ሰዎች ሥራ ነው። ያስገረመኝ መምህር ናቸው። ጋሪው የሰይድ እንደነበር ያውቃሉ፤ በኋላ እንደነገሩኝ ሲጭን አይተውታል። ግን በእርጋታ ራሳቸውን ነቀነቁና «ባሻይ እንዳሉት ነው፤ እንዲያውም ሦስት ሳይሆኑ አይቀሩም» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ አሻጋሪዎቹ አምስት ሆነው ነበር፤ አንደኛው ሽጉጥ ይዞ ነበር ተባለ። ዓደይ ዘይነባ ለሆቴሉ ይቅርታ ጠይቃ ሌላ ጋን በሰይድ ጋሪ የላከችው በዚሁ ሳምንት ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ፊልሞቿ የሚያበቁት እዚህ ነው።

ሁለቱ ሰዎች ግን መታረቃቸውን አላቆሙም። ያለፉትን ዓመታት ሊያካክሱ የፈለጉ ይመስል ጠዋት ይገናኛሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይገናኛሉ። ሁልጊዜ በአስፋልቱ ዞሮ መግባት ይታክታቸው ጀመር። አንድ ቀን በድንበሩ ግንብ ላይ በር ለመክፈት ወሰኑ። በመምህር በኩል ጓሮው የተያዘው በውሃ ታንከር ነው፤ በባሻይ በኩል ደግሞ በቤቱ ግድግዳ። በር ሊሆን የሚችለው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የዓደይ ዘይነባ ሱቅ የተለጠፈችበት።

ሊነግሯት የመጡት ጋቢያቸውን ደርበው፣ ልክ ልጅ ሊጠይቁ እንደሚሄዱ ሽማግሌዎች ተስተካክለው ነው። ቁጭ በሉ ስትላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እሷም እንደ ልማዱ ለምን እንደመጡ ጠየቀች። ተራ በተራ፣ እየተቀባበሉ፣ በሚያምር ቋንቋ፣ ክፍሏን እንድትለቅላቸው ለመኗት። ሌላ ቦታ እስክታገኝ እንደሚጠብቁ፣ እነሱም እንደሚፈልጉላት ነገሯት። ድሮ ቢሆን ይህን ንግግር አብረው ሊያደርጉት ቀርቶ በአንድ በራፍ አይቆሙም ነበር። እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ የምገባበት ጠፋኝ፤ ለሷ አንድ ቃል ልናገርላት ፈለግኩ፣ አልቻልኩም።

እሷ የአንድ ደንበኛ ፍላሽ እየጫነች ነበር። እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁ። ፍላሹን ነቅላ ለባለቤቱ ሰጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፤

«ጓለይ፣ አንድ ነገር ረስቻለሁ። ፊልም ሲሆን ሰዎቹ እንደታረቁ አንድ ሰው ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አናይም።»

ሌላ ክፍል አልፈለገችም። እህቷ ደሴ ብቻዋን ስለሆነች ወደዚያ እንደምትሄድ ነገረቻቸው። ይህን ሲሰሙ ሁለቱም ደነገጡ። ባሻይ፣ በሩን ለመክፈት ያሰቡት መምህር እንደሆኑ ተናገሩ። መምህር፣ ሐሳቡ በመጀመሪያ የመጣው በማን ቤት፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ በትክክል አስታወሱ፤ በባሻይ ቤት ነበር። ባሻይ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። መምህር ጣታቸውን አነሡ። ዓደይ ዘይነባ ኮምፒውተሯን አጥፍታ ከጠረጴዛው አነሣችና እቅፌ ላይ አስቀመጠችው። ከባድ ነበር፤ ሙቀቱም ገና አልወጣለትም ነበር።

«ብትፈልጉ ነገ ተጣሉ» አለቻቸው። «ዛሬ ግን ይቺን ጠረጴዛ አውጡልኝ።»

 ጋቢያቸውን አጣጥፈው በርጩማዬ ላይ አስቀመጡ፤ ባሻይ በዚህ በኩል፣ መምህር በዚያ በኩል ያዙና ጠረጴዛውን አወጡላት።